በበረዶ ሞተር ገበያ ሄልሜትና መነጽር ለየብቻ አይገዙም

በሰሜን አሜሪካ ቀዝቃዛ ግዛቶች የመጀመሪያው በረዶ ከመጣሉ በፊት ባሉት ሳምንታት የሞተር ዕቃ መደብሮች መደርደሪያቸውን ይለውጣሉ። የበጋው የሞተር ሳይክል ጃኬትና ጓንት ወደ ጓዳ ይገባል፤ በምትኩ ወፍራም ቱታ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦት ጫማና በየቀለሙ ያሸበረቀ ሄልሜት ይወጣል። የሄልሜቱ ዋጋ ከ100 ዶላር ገደማ ይጀምርና ከ700 ዶላር በላይ ይዘልቃል። ከሩቅ ለሚያይ ሁሉም ክብ ነው፣ ሁሉም ያብረቀርቃል፣ ሁሉም ለብርድ ተስማሚ ነው ተብሎ ይሸጣል። ልዩነቱ የሚታወቀው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ፣ በቀዘቀዘ ሐይቅ መካከል፣ ሞተሩ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲበር ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ወደ መደብሩ ተመልሶ መለወጥ አይቻልም።

ጉዳዩ ለአዲስ አበባ አንባቢ ሩቅ ሊመስል ይችላል። ሆኖም በሚኒሶታ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል፣ በካናዳ ደግሞ በካልጋሪና በኤድመንተን ብዙ ኢትዮጵያውያን እንደሚኖሩ የታወቀ ነው። በረዶም ቢሆን ለእኛ ፍጹም ባዳ አይደለም፤ ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቶሪኖ፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር በተካሄዱት የክረምት ኦሊምፒኮች ሀገራችንን ወክሎ በስኪ ተወዳድሯል። የሥራ ባልደረባ ቅዳሜ ወደ ሐይቁ እንውጣ ብሎ ሲጋብዝ፣ ወይም ልጅ የትምህርት ቤት ጓደኞቹን አይቶ እኔም ልንዳ ብሎ ሲያስቸግር፣ ብርድን በጋቢ መመከት የለመደው ወገናችን መደብሩ ውስጥ ግራ ተጋብቶ ይቆማል። ይህ ጽሑፍ በዋናነት ለእርሱ የተዘጋጀ ነው። ሀገር ቤት ሞተር ሳይክል የሚነዳ አንባቢም የሚወስደው ነገር አያጣም።

ስኖውሞቢል ወይም የበረዶ ሞተር ከፊት ሁለት መንሸራተቻዎች፣ ከኋላ በጎማ ፋንታ እንደ ታንክ ሰንሰለት የሚሽከረከር የላስቲክ ቀበቶ ያለው፣ እንደ ሞተር ሳይክል ተፈናጠው የሚነዱት ተሽከርካሪ ነው። በካናዳ ኩቤክ ግዛት ቫልኩር በተባለች ከተማ ጆሴፍ አርማንድ ቦምባርዲየር እ.ኤ.አ. በ1959 “ስኪ ዱ” የተባለውን ቀላል ሞዴል ለገበያ ካቀረበ በኋላ፣ የሥራና የሐኪም መመላለሻ የነበረው የበረዶ ተሽከርካሪ የቤተሰብ መዝናኛ ወደ መሆን ተሸጋገረ። በሚኒሶታም ፖላሪስ በሮዞ፣ አርክቲክ ካት በቲፍ ሪቨር ፎልስ ከተሞች የተመሠረቱ ኩባንያዎች ናቸው። የጃፓኑ ያማሃ በ2023 ከዚህ ንግድ እንደሚወጣ አስታውቆ የ2025ቱን ሞዴል የመጨረሻው አድርጎታል። ሚኒሶታ ብቻዋን ከ22 ሺህ ማይል በላይ የተስተካከለ የበረዶ ሞተር መንገድ ስላላት ገበያው በቀላሉ የሚጠፋ አይደለም።

አንድ የቃል ነገር እናንሳ። እኛ ሀገር በረዶ ሲባል ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው በሐምሌና በነሐሴ ከዝናብ ጋር እየወረደ ቆርቆሮ የሚደበድበው ጠጣሩ ነው። እዚያ የሚወርደው እንደ ተባዘተ ጥጥ የሚበን ነው፤ አመዳይ የሚለው የቆየ ቃላችን ይቀርበዋል። ልዩነቱን ማንሳታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ብናኝ ከፊት ከሚሄደው ሞተር ኋላ እንደ አቧራ ይነሳና በእያንዳንዷ ቀዳዳ ይገባል።

ብርዱ በቁጥር

የአሜሪካና የካናዳ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤቶች እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ነፋስ በብርድ ላይ የሚጨምረውን ኃይል የሚያሰሉት በአንድ ቀመር ነው። በዚህ ቀመር መሠረት የአየሩ ሙቀት ከዜሮ በታች 20 ሆኖ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ነፋስ ቢኖር፣ ፊት ላይ የሚሰማው ብርድ ከዜሮ በታች 36 ያህል ይሆናል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሆን ወደ 38 ይጠጋል። በሚኒሶታ በሕዝብ መሬትና ሐይቅ ላይ ለበረዶ ሞተር የተፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት 50 ማይል፣ ማለትም 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ ሕግ አክባሪ ነጂ፣ አንዲት ነፋስ በሌለባት ጸጥ ያለች ቀን እንኳ ይህን ብርድ በራሱ ፍጥነት ይፈጥረዋል ማለት ነው። ቀመሩ የተሠራው ለእግረኛ ስለሆነ ለነጂ ከዚህም ሊከፋ ይችላል።

በካናዳ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት መግለጫ መሠረት፣ የሚሰማው ብርድ ከዜሮ በታች ከ28 እስከ 39 ሲደርስ የተጋለጠ ቆዳ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ውርጭ ሊመታው ይችላል። ውርጭ የመታው ቆዳ በመጀመሪያ ያቃጥላል፣ ቀጥሎ ይደነዝዛል፣ ይነጣል። መደንዘዙ ነው ክፉው፤ ሕመሙ ሲጠፋ ሰውየው የተሻለው ይመስለዋል። በበረዶ ሞተር ነጂዎች ላይ ተደጋግሞ የሚጠቃው ቦታ በመነጽሩ የታችኛው ጠርዝና በአፍ መሸፈኛው መካከል የምትቀረው የጉንጭና የአፍንጫ ጠባብ መስመር ናት። ከአንድ ጣት የማትሰፋ ክፍተት የወራት ቁስል ታተርፋለች።

ጣጣው ያለው ትንፋሽ ላይ ነው

አዲስ ገዢ የሚያስበው ብርዱ እንዳይገባ ስለ መከላከል ነው። ስለዚህ በጣም የተዘጋውን፣ በጣም ወፍራም ስፖንጅ ያለውን ሄልሜት ይመርጣል። ስህተቱም እዚህ ላይ ይጀምራል። ብርዱ እንዳይገባ ሲዘጋ ትንፋሹም እንዳይወጣ ይዘጋል።

ከአፍና ከአፍንጫ የሚወጣው አየር ሞቃትና በውሃ ተን የተሞላ ነው። አንድ ሜትር ኪዩብ እንዲህ ያለ አየር ከ30 ግራም በላይ ውሃ ይይዛል። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሆነ አየር ግን መሸከም የሚችለው ከ1 ግራም ብዙ አይበልጥም። የቀረው ውሃ የሆነ ቦታ ማረፍ አለበት፤ የሚያርፈውም በጣም ቀዝቃዛ የሆነው ነገር ላይ ነው። ሄልሜት ውስጥ በጣም ቀዝቃዛው ነገር ከዓይን ፊት ያለው መስተዋት ነው። መስተዋት የምንለው በልማድ ነው እንጂ ፕላስቲክ ነው። በመጀመሪያ ጉም ይለብሳል፤ ሻይ ቤት በር ላይ እንደሚያልበው መስኮት። ነጂው ልጥረገው ሲል ጓንቱ በቀላሉ አይገባም፤ ከገባም ውሃውን ያዳርሰዋል። ትንሽ ቆይቶ ጉሙ ይጋገርና በረዶ ይሆናል።

በዚህ ጊዜ ነጂው ሁለት ምርጫ ይቀረዋል። ወይ ሳያይ ይነዳል፣ ወይ መስተዋቱን ከፍ አድርጎ ፊቱን ለዚያ ከዜሮ በታች 36 ይሰጣል። ዓይን በነፋሱ ያነባል፣ እንባው ሽፋሽፍት ላይ ይረጋል። ፊት ለፊት ደግሞ በበረዶ የተሸፈነ ግንድ፣ የሐይቁ ዳርቻ፣ የገበሬ አጥር ወይም የሌላ ሞተር መብራት ሊኖር ይችላል። ስለዚህ በዚህ ገበያ ዋናው ጥያቄ “ምን ያህል ይሞቃል?” የሚለው አይደለም። “ትንፋሼ በየት በኩል ይወጣል?” የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ በግልጽ መመለስ ያልቻለ ሻጭ ሲያጋጥም ወደሚቀጥለው መደብር መሄድ ሳይሻል አይቀርም።

ሦስቱ የሄልሜት ዓይነቶች

በመደርደሪያው ላይ በዋናነት ሦስት ዓይነት ይገኛል።

አንደኛው ፊትን ሙሉ በሙሉ የሚዘጋው ነው። ከሞተር ሳይክሉ ሄልሜት የሚለየው በሁለት ነገር ነው። መስተዋቱ ድርብ ነው፤ በሁለቱ ንብብሮች መካከል የታሸገ አየር አለ፣ ስለዚህ የውስጡ ንብብር እንደ ውጪው አይቀዘቅዝም። በፈረንጅ ሀገር ቤቶች ላይ የምናየውን ድርብ የመስኮት መስተዋት ማሰብ ነው። ሌላው የትንፋሽ ጭንብል የሚባለው ነው። ከለስላሳ ጎማ ወይም ከስፖንጅ ይሠራና አፍንጫና አፍን ይከባል፤ ትንፋሹን ወደ ታችና ወደ ጎን እየመራ ከመስተዋቱ ያርቀዋል። ሰው ሄልሜቱን ሲሞክር ብዙ ጊዜ ይህን ጭንብል እንደ ትርፍ ነገር ይቆጥረዋል፤ አፍንጫዬን ተጫነኝ ብሎ የሚያወጣውም አለ። የከፈለበት ዋናው ዕቃ ግን እርሱ ነው። አፍንጫ ላይ በደንብ ካልተቀመጠ፣ ቀሪው ሁሉ ምንም ያህል ቢያምር ሄልሜቱ ለዚያ ሰው አይሆንም።

የዚሁ ዓይነት ሄልሜት የኤሌክትሪክ መስተዋት ያለውም አለ። በመስተዋቱ ውስጥ የተዘረጋ ስስ ማሞቂያ ከሞተሩ 12 ቮልት በገመድ ይቀበልና ንብብሩን ያሞቀዋል። የመኪና የኋላ መስኮት ላይ እንደሚታዩት መስመሮች ማለት ነው። ሜዳና ሐይቅ ላይ ተቀምጦ ረጅም መንገድ ለሚነዳ ሰው፣ በተለይም የሐኪም መነጽር ለሚያደርግ፣ በዚህ ጸሐፊ ግምት ተጨማሪ ዋጋው የሚያስቆጭ አይደለም። ከመክፈሉ በፊት ግን ሞተሩ የኃይል መውጫ ያለው መሆኑን ማረጋገጥ ግድ ነው፤ ከሌለው ማስገጠሚያው ሌላ ወጪ ነው። ገመዱም ነጂው ሲወርድ ወይም ሲወድቅ በቀላሉ የሚላቀቅ መሆን አለበት።

ሁለተኛው አገጩ ወደ ላይ የሚነሳው ነው። ነዳጅ ሲቀዱ፣ ሰው ሲያነጋግሩ፣ ሻይ ሲጠጡ ሄልሜቱን ማውለቅ አያስፈልግም። የሐኪም መነጽር ያለው ሰው መነጽሩን ሳያወልቅ ያጠልቀዋል። ጉድለቱ ክብደቱ ነው፤ የማጠፊያው ብረትና መቆለፊያ ይጨመርበታል። መጋጠሚያውም ካልተስተካከለ ነፋስ ያስገባል። ሲሞከር አገጩን አሥር ጊዜ ያህል ከፍቶ መዝጋት፣ በወፍራም ጓንትም መሞከር ያስፈልጋል። በባዶ እጅ የሚከፈት መቆለፊያ በጓንት እምቢ ሊል ይችላል።

ሦስተኛው የፊት መስተዋት የሌለው፣ አገጩ ወደ ፊት የወጣ፣ ከላይ እንደ ቆብ ጥላ ያለው፣ በአቧራ ላይ ውድድር የሞተር ሳይክል ነጂዎች የሚያደርጉት ዓይነት ነው። ይህ ያለ መነጽር አይሠራም። ቀላልና አየር የሚያስገባ በመሆኑ በሮኪ ተራሮች ዳገት ላይ ቆመው፣ ሞተሩን በጉልበት እያዘነበሉ፣ በጥልቅ በረዶ ሲቀረቀርም እየቆፈሩ ለሚነዱ ሰዎች ተመራጭ ነው። እነዚህ ሰዎች ችግራቸው ብርድ ብቻ ሳይሆን ላብም ነው። ዝግ ሄልሜት ቢያደርጉ በአምስት ደቂቃ ይታፈናሉ። ሚኒሶታ ሜዳ ላይ ለሚነዳ ጀማሪ ግን ይህን ሄልሜት መልኩ ስለሚያምር ብቻ መግዛት ለውርጭ በር መክፈት ነው። ወጣቶች የሚመርጡት ግን ይህንኑ መሆኑ አልቀረም።

መነጽሩ

ብዙ ገዢ ሄልሜቱን ከአንድ መደብር ገዝቶ፣ መነጽሩን በሌላ ቀን ቅናሽ ሲያገኝ ከሌላ ይገዛል። ሁለቱ ቤት ሲገቡ አይግባቡም። የመነጽሩ ክፈፍ ከሄልሜቱ የዓይን ቀዳዳ ሰፍቶ ወደ ጎን ይጣመማል፤ ወይም ጠቦ ግንባር ላይ የተራቆተ መስመር ይተዋል፤ ወይም የታችኛው ጠርዝ የትንፋሽ ጭንብሉን ወደ ታች ገፍቶ ትንፋሹን በቀጥታ ወደ መነጽሩ ውስጥ ይልከዋል። የመጨረሻው ከሁሉ የከፋ ነው። መነጽር ያለው ሄልሜቱን ሲገዛ መነጽሩን ይዞ መሄድ፣ የሌለው ሁለቱን አንድ ቀን፣ አንድ ላይ ራሱ ላይ አድርጎ መምረጥ አለበት። ማዘዣው በፖስታ ከሆነ የመመለሻ ጊዜውን ማወቅና ሁለቱንም ቤት ውስጥ ሳያቆሽሹ መሞከር ይገባል።

የብርድ መነጽር ሌንሱ ድርብ መሆን አለበት፤ ነጠላ ሌንስ ያለው የአቧራ መነጽር ነው፣ ርካሽነቱም ከዚህ ይመጣል። የውስጠኛው ሌንስ ጉም የሚከላከል ቅባት አለው። ይህ ቅባት በተለይ ሲረጥብ በቀላሉ የሚላጥ ነው። ውስጡን በሸሚዝ ጫፍ የሚያሽ ሰው በአንድ ቀን ሊያጠፋው ይችላል። ውሃ ከገባበት አራግፎ፣ በለስላሳ ጨርቅ ነካ ነካ አድርጎ ማድረቅ እንጂ ማሸት ክልክል ነው።

ከላይና ከታች ያሉት ቀዳዳዎች በስፖንጅ የተሸፈኑ ናቸው። አየሩ እንዲያልፍ፣ ብናኙ እንዳያልፍ ተብሎ ነው። ለአፍታ ቆመው ሲነጋገሩ መነጽሩን ወደ ግንባር ወይም ወደ ሄልሜቱ አናት ከፍ ማድረግ የተለመደ ነው፤ ሆኖም የጭንቅላት ላብና የሚወርደው በረዶ ሌንሱን የሚያበላሸው በዚያች ደቂቃ ነው። ከተቻለ ሳያወልቁ መቆየት፣ ካወለቁ ጃኬት ውስጥ መክተት ይሻላል። ልምድ ያላቸው ነጂዎች ሁለተኛ መነጽር በከረጢት አድርገው ብብታቸው አካባቢ ይይዛሉ። አንዱ ሲበላሽ ሌላው ሞቆና ደርቆ ይጠብቃል። ለጀማሪ፣ አንድ ውድ መነጽር ከመግዛት ሁለት መካከለኛ መግዛት ይመረጣል ብንል ማጋነን አይሆንም። በባትሪ የሚሞቅ መነጽርም አለ፤ ዋጋው ከ200 ዶላር ሊያልፍ ይችላል፤ ባትሪ ደግሞ በብርድ ጉልበቱ እንደሚቀንስ መዘንጋት የለበትም።

የሌንሱ ቀለም ጌጥ እንዳይመስል። ሌንሶች በሚያሳልፉት ብርሃን መጠን ከ0 እስከ 4 ደረጃ ይሰጣቸዋል። 0 ከሞላ ጎደል ንጹሕ ሲሆን 80 በመቶና ከዚያ በላይ ያሳልፋል፤ 3 የሚያሳልፈው ከ8 እስከ 18 በመቶ ብቻ ነው። ፀሐይ በወጣችበት ቀን ጥቁር ወይም እንደ መስታወት የሚያንጸባርቅ ሌንስ ያስፈልጋል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው ንጹሕ በረዶ የፀሐይን ጎጂ ጨረር እስከ 80 በመቶ መልሶ ሊያንጸባርቅ ይችላል። ዓይን ከላይም ከታችም ይቃጠላል ማለት ነው፤ የበረዶ መታወር የሚባለው ሕመም የሚመጣውም በዚህ ነው። ሰማዩ በደመነ ቀን ደግሞ ሰማዩም ምድሩም አንድ ዓይነት ነጭ ይሆንና ጉድጓድና ጉብታ አይለይም። ያን ጊዜ ቢጫ፣ ብርቱካንማ ወይም ሮዝ ሌንስ ጥላውን ጎላ ያደርጋል። ለማታ ንጹሕ ሌንስ ብቻ። በሚኒያፖሊስ በታኅሣሥ ወር ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል አካባቢ ስለሆነ፣ ከምሳ በኋላ በጥቁር ሌንስ የወጣ ሰው በጨለማ ሊመለስ ይችላል። ሌንሱ በቀላሉ የሚቀየር መሆኑን መደብሩ ውስጥ በራስ እጅ መሞከር ነው።

የበረዶ መንሸራተቻ ስፖርተኞች መነጽር ያለው ሰው በእርሱ ልጠቀም ቢል ይሆናል፤ ማሰሪያው ግን ብዙ ጊዜ ለትልቁ ሄልሜት ያጥረዋል። ሄልሜታቸው ግን በፍጹም አይተካም። ያ የተሠራው በሞተር ፍጥነት ለሚደርስ ግጭት አይደለም።

ልክና ማኅተም

ለልኩ ከቅንድብ በላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ ራስን በሜትር ዙሪያውን መለካትና ከአምራቹ ሠንጠረዥ ጋር ማስተያየት የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ሆኖም ክብ ራስና ረዘም ያለ ራስ እኩል ቁጥር ሊኖራቸው ስለሚችል ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም። አዲስ ሄልሜት ጉንጭን ጫን ማለት አለበት። አጥልቆ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲያንቀሳቅሱት ቆዳው አብሮ መሄድ ይኖርበታል፤ ሄልሜቱ ብቻውን ከዞረ ሰፍቷል። ማሰሪያውን አጥብቆ ከኋላ ወደ ፊት ሲገፉት ከራስ መውለቅ የለበትም። አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል አድርጎ መቆየትም ጥሩ ነው፤ ግንባር ላይ የሚያም ነጥብ የሚወጣው ቆይቶ ነው።

ለክተው ሲሞክሩ ከሥር የሚደረገውን ስስ የፊት መሸፈኛ ባላክላቫ አድርገው ይሁን። ብዙዎች ባዶ ራሳቸውን ለክተው ይገዙና ብርዱ ሲመጣ ወፍራም የሹራብ ኮፍያ ይደርቡበታል፤ ሄልሜቱ እላይ ይንሳፈፋል። ሹሩባ የምትሠራ እህትም ሹሩባዋን እንደተሠራች ብትለካ፣ ወይም በብርዱ ወራት የምትሠራውን ዓይነት ወስና ብትገዛ ከሁለት ወጪ ትድናለች። ወፍራም ጉንጉን ግማሽ ቁጥር ይለውጣል።

ለልጅ ሲገዛ የእኛ ወላጆች “ያድግበታል” የሚለው ልማድ አለን። ጫማና ካፖርት ላይ ምንም አይደለም። ሄልሜት ላይ ግን አይሠራም፤ የሰፋ ሄልሜት በአደጋ ጊዜ ከራስ ይወጣል፣ ክብደቱም የልጅ አንገት ይጎትታል። በሚኒሶታ ሕግ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሰው በሕዝብ መሬት ላይ ያለ ሄልሜት በበረዶ ሞተር መሄድ አይችልም። በካናዳዋ ኦንታሪዮ ደግሞ አዋቂውም ግዴታ አለበት።

ማኅተምን በተመለከተ በአሜሪካ ገበያ የሚታየው “ዲ.ኦ.ቲ.” የሚለው ነው። የሀገሪቱ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ለሞተር ሳይክል ሄልሜት ያወጣው 218 ቁጥር ደረጃ ምልክት ሲሆን የበረዶ ሞተር ሄልሜቶችም የሚሸጡት በእርሱ ነው። ከግንቦት 2013 እ.ኤ.አ. በኋላ የተሠራ ሄልሜት ከኋላው የአምራቹን ስምና ሞዴሉን፣ ከ“ዲ.ኦ.ቲ.” በታችም የደረጃውን ቁጥርና “የተረጋገጠ” የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል መያዝ አለበት። ሦስት ፊደል ብቻ ያለው ተለጣፊ በሳንቲም የሚገዛ ነው። መንግሥት ሄልሜቶችን አስቀድሞ እየመረመረ አያጸድቅም፤ አምራቹ ራሱ ያረጋግጣል፣ መሥሪያ ቤቱ ከገበያ ናሙና ገዝቶ ይፈትሻል። የስኔል ፋውንዴሽንና የአውሮፓው “ኢ.ሲ.ኢ.” ማኅተሞች ግን ከሽያጭ በፊት ፈተና የሚጠይቁ በመሆናቸው፣ ከዲ.ኦ.ቲ. ጋር ተደርበው ሲገኙ ተጨማሪ መተማመኛ ናቸው። የአውሮፓው አዲሱ 22.06 ደረጃ ራስ ሲጠማዘዝ የሚደርሰውንም ጉዳት ይፈትሻል።

አስመስለው የተሠሩትን በእጅም መለየት ይቻላል። የአሜሪካው የትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት እንደሚመክረው፣ ደረጃውን የሚያሟላ ሄልሜት ውስጡ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር የማያንስ ጠንካራ ፎም አለው፤ አዲስ ቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ ከሚመጣው ነጭ ፎም ጋር የሚመሳሰል። ክብደቱም ወደ 1.4 ኪሎ ይደርሳል። ስፖንጅ ብቻ ያለውና ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ነገር ኮፍያ ነው።

ዋጋና ጊዜ

ዋጋ የሚጨምሩት ነገሮች የውጪው ቅርፊት፣ ኤሌክትሪኩና ስሙ ናቸው። ፕላስቲክ ቅርፊት ርካሽ ነው፤ ፋይበርግላስና ካርቦን ቀለል ይላሉ፣ ይወደዳሉም። በቀን ሁለት ሰዓት ለሚነዳ ሰው 300 ግራም ልዩነት ላይሰማ ይችላል፤ ስምንት ሰዓት ለሚነዳ አንገቱ ይነግረዋል። ሥዕልና ቀለም ምንም አይጠቅሙም። ብር ውስን ከሆነ ቅድሚያ ለልኩ፣ ለትንፋሽ ጭንብሉና ለድርብ ሌንሱ ይሰጥ፤ ካርቦኑ ይቅር።

ሰልባጅ መነጽር ሌንሱ ካልተፋቀ ምንም አይደለም። ሰልባጅ ሄልሜት ግን አንመክርም። ውስጡ ያለው ፎም አንድ ጊዜ ከተመታ ይጨፈለቅና ሁለተኛ ሥራ የለውም፤ ከውጪ ደግሞ ጭረት እንኳ ላይታይ ይችላል። ስኔል ፋውንዴሽን በየአምስት ዓመቱ እንዲቀየር ይመክራል፤ የተሠራበት ቀን ብዙውን ጊዜ በማሰሪያው ወይም ከስፖንጁ ሥር ተጽፎ ይገኛል። ቤንዚንና ሟሟቂ ነገርም ፕላስቲኩንና ፎሙን ይበላሉ፤ ሄልሜትን ከነዳጅ ጀሪካን ጋር በአንድ ሣጥን መጫን አይገባም። ማታ የረጠበውን ስፖንጅ አውጥቶ በክፍል ሙቀት ማድረቅ እንጂ ማሞቂያ ላይ መስቀል ያበላሸዋል፤ እርጥቡን አሳድሮ የሚወጣ ደግሞ ገና ሳይነሳ መስተዋቱ ጉም ይለብስበታል።

ለኪስ የሚበጀው ወቅት በረዶው የሚያልቅበት የመጋቢትና የሚያዝያ ጊዜ ነው። መደብሮች ያልተሸጠውን የዓመቱን ዕቃ አራግፈው ለበጋው ቦታ ማስለቀቅ ይፈልጋሉ። ልኩን ቀድሞ የሚያውቅ ሰው በዚያን ጊዜ መካከለኛውን በርካሹ ዋጋ ይወስዳል። ጉዳቱ የተለመዱት ቁጥሮች ቀድመው ማለቃቸው ነው።

ከዚያው ገዝቶ ለወንድሙ ወይም ለአክስቱ ልጅ አዲስ አበባ ለሞተር ሳይክል ይሆነዋል ብሎ ለመላክ የሚያስብ አለ። ማኅተሙ አንድ ስለሆነ ራስን ከመጠበቅ አንጻር ያገለግላል። ሆኖም የትንፋሽ ጭንብሉ መነሳት አለበት፤ ድርቡ መስተዋትና ወፍራሙ ስፖንጅ በእኩለ ቀን ፀሐይ ነጂውን ያፍኑታል፣ የሞቀውም ሰው ሄልሜቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ መንዳት ይጀምራል። በዚያው ገንዘብ አየር ማስገቢያ ያለው የሞተር ሳይክል ሄልሜት መግዛት ይሻላል።

ለአንድ ቅዳሜ ብቻ የተጋበዘ ሰው ደግሞ ይህን ሁሉ መግዛት አያስፈልገውም። የበረዶ ሞተር የሚያከራዩ ድርጅቶች ብዙውን ጊዜ ሄልሜቱን ከኪራዩ ጋር ይሰጣሉ። ባላክላቫውንና መነጽሩን ብቻ የራሱ አድርጎ ይሄዳል፤ ኪራይ ቤቱ ሲደርስም ከመፈረሙ በፊት መነጽሩን ከሚሰጠው ሄልሜት ጋር አድርጎ ይሞክራል፣ አፍንጫው አጠገብ ክፍተት ካለ ሌላ ቁጥር እንዲያመጡለት ይጠይቃል።